ቃል የከበደው ተዋናይ፦ ጄምስ ኧርል ጆንስ በመድረክና በፊልም

«ድምፀ መረዋ» የሚለው ሙገሳ አንድ ነገር ይደብቃል። መረዋ ደወል ነው፤ ሲመቱት ያስተጋባል፣ ቃል ላውጣ ብሎ ግን አያምጥም። ሰውን በደወል ስንመስለው ድምፁን እንደ ቁመቱና እንደ መልኩ ከተፈጥሮ የተቸረው ሀብት አድርገን እንቆጥርና የለፋበትን እንረሳለን። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 በ93 ዓመቱ ያረፈው አሜሪካዊው ተዋናይ ጄምስ ኧርል ጆንስ ከዚህ ሙገሳ ሳያመልጥ ኖሮ ሳያመልጥ ሞቷል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው የዳርት ቬደር ድምፅ፣ የሙፋሳ ድምፅ፣ የሲኤንኤን ጣቢያ መለያ ድምፅ ነው። ኦቴሎ፣ ንጉሥ ሊር፣ ትሮይ ማክሰን ከዚያ በኋላ ይከተላሉ፤ ከተከተሉ።

ሁለገብ ተዋናይ የሚያሰኘው በመድረክም በፊልምም በቴሌቪዥንም በካርቱንም መሥራቱ ብቻ ከሆነ፣ ሁለገብነት የሥራ ዝርዝር ከመሆን አያልፍም። የጆንስን ሥራ ስመለከት እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው ንግግር እንደ ሸክም የሚከብደው ሰው ነበር። ከሁሉ የላቀ ትወናውም ያ ሸክም በገላው ላይ በሚታይባቸው ሥራዎች ውስጥ ይገኛል። ዓለም ያወቀው ግን በተቃራኒው፣ ድምፁ ከገላው ተነጥሎ በተሸጠባቸው ሥራዎች ነው።

የተወለደው በ1931 በሚሲሲፒ ግዛት፣ አርካቡትላ በምትባል ገጠር ነው። አባቱ ሮበርት ኧርል ጆንስ ቤተሰቡን ጥሎ ሄዶ ቦክሰኛ፣ ኋላም ተዋናይ ሆነ፤ «ዘ ስቲንግ» በተባለው የ1973 ፊልም ላይ ሽማግሌውን ሉተርን የሚጫወተው እሱ ነው። ልጁን ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። አምስት ዓመት ሲሆነው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚሺገን ይዘውት ሄዱ። በዚያው ሰሞን ምላሱ ተሳሰረ። መንተባተቡ እያሳፈረው ከሰው ፊት መናገር ተወና ስምንት ዓመት ያህል ለቤተሰቡ ከምታስፈልግ ቃል በቀር የሚያወራው ለከብቶቹ ሆነ።

ዝምታው የተሰበረበትን ታሪክ ጆንስ ራሱ ደጋግሞ ተርኮታል። ዶናልድ ክራውች የሚባል የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ልጁ በስውር ግጥም እንደሚጽፍ ደረሰበት። አንድ ክረምት በመንግሥት ዕርዳታ ግሬፕፍሩት ወደ አካባቢያቸው መጥቶ ነበርና ልጁ ስለዚያ ፍሬ ግጥም ጻፈ። መምህሩ እንዲህ ያለ ግጥም ያንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ፣ ያንተ ከሆነ ክፍሉ ፊት ቆመህ በቃልህ በለው አለው። ቆሞ አለው፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ተስፋ ታሪክ ያወራዋል። ለትወና ጥናት የሚጠቅመው ግን ሌላው ፊቱ ነው። ልጁ አንደበቱ የተፈታለት ምት ያለው፣ አስቀድሞ የተጻፈ ቃል ሲያገኝ ነው። የሚንተባተብ ሰው ሲያዜም እንደማይሰናከል ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ለጆንስ የተጻፈ ቃል ምርኩዝ ነበር፤ ምርኩዙ ሲነሣ ደግሞ እንደገና ያነክሳል። በ1958 በኒውዮርኩ ኮርት ቴአትር ስለ ፍራንክሊን ሩዝቬልት በተጻፈ ተውኔት ውስጥ የቤት አሽከር ሆኖ ይሠራ ነበር። ድርሻው ትንሽ ናት፤ እራት መቅረቡን ለወይዘሮ ሩዝቬልት ማሳወቅ። አንድ ምሽት የእመቤቲቱ ማዕረግ መነሻ በሆነችው «ም» ላይ ከንፈሩ ተገጣጠመና አልላቀቅ አለው። ሴትየዋን የምትጫወተው ተዋናይት ቆማ ጠበቀችው። ቃሏ በመጨረሻ ወጣች። ያ ቴአትር ቤት ከ2022 ጀምሮ በስሙ ይጠራል።

ጆንስን በጥሞና የሰማ ሰው ይህ ችግር ወደ ጥበብ እንዴት እንደተለወጠ ይደርስበታል። ወደ ቃሉ ዘሎ አይገባም። አስቀድሞ አየር ይስባል፣ አገጩን ዝቅ ያደርጋል፣ የመጀመሪያዋን ድምፅ እግሩ ሥር ድንጋይ እንዳለ ሰው ፈትሾ ይረግጣታል። ተመልካቹ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ቃሉ እየመጣ መሆኑን ያያል። ከመድረክ ተዋናይ ጉልበት አንዱ ይህ ነው። ደራሲው የጻፈው ዐረፍተ ነገር ለገጸ ባሕርዩ አሁን፣ እዚህ፣ በጭንቅ የተገኘ ይመስላል።

ሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሐኪም ለመሆን ነበር፤ በድራማ ወጣ። ኒውዮርክ ላይ በጽዳት ሠራተኛነት እየተዳደረ ትወና ተማረ። በ1961 የዣን ዠኔ ተውኔት «ጥቁሮቹ» ከብሮድዌይ ውጪ በምትገኝ ትንሽ አዳራሽ ሲከፈት ሲስሊ ታይሰንና ማያ አንጀሉ ከነበሩበት ቡድን ጋር ቪሌጅ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሠራ። ከጥቁር ተዋንያኑ ከፊሎቹ የነጭ ጭምብል አጥልቀው ነጮችን የሚጫወቱበት ሥራ ነው። ከ1,400 ጊዜ በላይ ታይቷል፤ ጆንስም ስሜቱ ሲከብደው ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። በእነዚያው ዓመታት የቴአትር አዘጋጁ ጆሴፍ ፓፕ በሴንትራል ፓርክ ለሕዝብ በነፃ በሚያሳያቸው የሼክስፒር ሥራዎች ውስጥ ነበር። ስታንሊ ኩብሪክ በ1962 ሌላ ተዋናይ ለማየት መጥቶ የሞሮኮውን ልዑል ሲጫወት አየውና «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ውስጥ ከቦምብ ጣዩ አውሮፕላን ሠራተኞች አንዱ አደረገው። የፊልም ሕይወቱ የተጀመረው ከመድረክ በተለቀመ አጋጣሚ ነው።

ትልቁ በር የተከፈተው በሃዋርድ ሳክለር «ዘ ግሬት ዋይት ሆፕ» ነው። ርእሱ በአማርኛ «የነጮች ታላቅ ተስፋ» ሊባል ይችላል። የመጀመሪያውን ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የጃክ ጆንሰንን ሕይወት ጃክ ጀፈርሰን በሚል ስም ይተርካል። በ1967 በዋሽንግተኑ አሪና ስቴጅ ተጀምሮ በ1968 ብሮድዌይ ገባ፤ 546 ጊዜ ታየ፣ ለጆንስም የመጀመሪያውን የቶኒ ሽልማት አስገኘ። ከተውኔቱ ውስጥ ሁልጊዜ የምመለስበት አንድ ትዕይንት አለ። ጀፈርሰን ከአገሩ ተሰዶ፣ ተጋጣሚ አጥቶ፣ ገንዘብ አልቆበት ቡዳፔስት ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን ለመተወን ይገደዳል። የዓለም ሻምፒዮን ሽበት ለብሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ባሪያውን ቶምን ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ነጯ ወዳጁ ኤሊ ትንሿን ልጅ ሆናለች። ታዳሚው ያፏጫል።

ይህ ለተዋናይ እጅግ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ጥሩ ተዋናይ መጥፎ ተዋናይ የሆነን ቦክሰኛ መጫወት አለበት፤ ቦክሰኛው ደግሞ ለመጫወት የተገደደበት ሰው ራሱን የሚያዋርድበት ሰው ነው። እዚህ ላይ ያ ግርማ ያለው ድምፅ አያገለግልም፤ እንዲያውም ያስቸግራል። ትዕይንቱን የሚሸከመው ገላው ነው። በቡጢ የዳበረው ትከሻ ሽማግሌ መምሰል እምቢ ይላል፤ ቃሉም ከዚያ ትከሻ ሥር እንደ ተውሶ ልብስ ሳይመጥን ይወጣል። በ1970 ማርቲን ሪት ፊልም ሲያደርገው ጆንስ ለኦስካር ታጨ። ከሲድኒ ፖይቲየር ቀጥሎ በመሪ ተዋናይነት የታጨ ሁለተኛው ጥቁር ወንድ ነበር። ያም ሆኖ ፊልሙ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ካሜራው በጣም ይጠጋዋል። ለሺህ ተመልካች የተለካ ፈገግታ በአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ ጩኸት ይሆናል። ጆንስ ራሱን ለካሜራ ማሳነስን የተማረው ከዚያ በኋላ ነው።

ኦቴሎን ብዙ ጊዜ ተጫውቶታል፤ በ1964 በሴንትራል ፓርክ፣ በ1982 በብሮድዌይ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ተውኔቱን የሚያውቅ አንባቢ የጦር አለቃው በመኳንንቱ ጉባኤ ፊት እንዴት እንደሚጀምር ያስታውሳል። አንደበቴ ሻካራ ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቅና ሁሉን የሚያፈዝ ትረካ ያወርዳል። ሌሎች ተዋንያን ይህን ይቅርታ የትሕትና ወግ አድርገው ያልፉታል። የመንተባተብን ነገር ለሚያውቅ ሰው ግን ከልብ የሆነ ፍርሃት ነው። ከዚያ በአራተኛው ገቢር የዚያ ሰው ቋንቋ ይፈርሳል። ዐረፍተ ነገሩ ይቆራረጣል፣ ቃላት ብቻቸውን ይወረወራሉ፣ ሰውየው አረፋ ደፍቆ ይወድቃል። ኢያጎ የቀማው ሚስቱን ብቻ አልነበረም፤ አንደበቱንም ነው። በ1982 ዝግጅት ብዙ ሐያሲያን ያደነቁት ኢያጎ የሆነውን ክሪስቶፈር ፕለመርን ነው። አይገርምም፤ ኢያጎ ቃል የማይከብደው ሰው ነው፣ ቃል የማይከብደው ሰውም ሁልጊዜ ያስጨበጭባል።

ወደ ዳርት ቬደር ልምጣ፤ ማምለጫ የለውም። በ1977 ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ»ን ሲሠራ ጥቁሩን ጋሻ ለብሶ የተንቀሳቀሰው ዴቪድ ፕራውስ የተባለ እንግሊዛዊ ግዙፍ ነው። የገጠር እንግሊዝኛው ለሚፈለገው ግርማ አልሆነምና ጆንስ ተጠርቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድምፁን ቀዳ፤ የተከፈለው 7,000 ዶላር እንደነበር ተናግሯል። ራሱን ከልዩ ቴክኒካዊ ውጤቶች እንደ አንዱ ስለቆጠረ ስሙ እንዳይጻፍ ጠየቀ፤ የተጻፈው በሦስተኛው ፊልም በ1983 ነው። በዚያ ፊልም ጭምብሉ ሲወልቅ የምናየው ፊት ደግሞ የሌላ ሰው፣ የሰባስቲያን ሾ ነው። በሁለተኛው ፊልም ላይ ቬደር የወጣቱ አባት መሆኑን የሚናገርባትን ዝነኛ ቃል ሲያነብ፣ ሰውየው እየዋሸ ነው ብሎ አስቦ እንደነበር ያጫውት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር አለ። ቬደር በታየ ቁጥር የሚሰማው ያ ከባድ እስትንፋስ የጆንስ አይደለም። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት በጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ መሣሪያ የቀዳው ነው። ከቃል በፊት ባለው ትንፋሽ ላይ ጥበቡን የገነባ ተዋናይ በዝና አናት ላይ ሲደርስ ትንፋሹ የሌላ፣ ገላው የሌላ፣ ፊቱ የሌላ ሆነ። የቀረለት ቃሉ ብቻ ነው፤ ጭምብሉም አፍ የለውምና ቃሉ ሲወለድ አናይም። በ2022 የወጣው የ«ኦቢ ዋን ኬኖቢ» ተከታታይ ፊልም ይህን ዳር አደረሰው። ሪስፒቸር የተባለ የኪየቭ ኩባንያ በጆንስ ፈቃድ የድሮ ቅጂዎቹን ወስዶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የወጣትነት ድምፁን እንደገና አበጀ። ሰውየው በሕይወት እያለ ድምፁ ያለ እሱ መሥራት ጀመረ። ብዙዎች ይህን እንደ አዲስ ዘመን ጉድ አወሩት። እኔ ግን በ1977 የተጀመረ ሥራ ፍጻሜ ሆኖ ይታየኛል።

እኛም ድምፅን ከገላ ከመነጠል ነቀፋ ነፃ አይደለንም። ተዋናዩን ወጋየሁ ንጋቱን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ነው። ልቦለዱን ዛሬ አንሥቶ የሚያነብ ሰው እንኳ ገጸ ባሕርያቱን በእሱ ጉሮሮ ይሰማቸዋል። ክብሩ ይገባዋል። ግን መድረክ ላይ የቆመው ወጋየሁ፣ እጁና ዓይኑ የነበረው ወጋየሁ፣ የሚኖረው በአብዛኛው ባዩት ሰዎች ትዝታ ነው። ሬዲዮ ቀረ፣ መድረክ አለፈ፤ ሒሳችንም የቀረውን ይዞ ያለፈውን ዘነጋ።

ስለ «ዘ ላየን ኪንግ»ው አንበሳ ስለ ሙፋሳ ብዙ የምለው የለኝም፤ ውብ ሥራ ነው፣ ድካም ግን የለበትም። «ካሚንግ ቱ አሜሪካ»ን መጀመሪያ ያየሁት ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ነው። የአንበሳ ቆዳ ትከሻው ላይ ጥሎ የዛሙንዳ ንጉሥ ሆኖ ሲገባ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ የሳቅነው ግን በእሱ አልነበረም። ያን ያህል ቀልድ መሀል እሱ ብቻ ከልቡ ንጉሥ ነበርና። ማጅ ሲንክሌር ንግሥቱ ነበረች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በ«ዘ ላየን ኪንግ»ም የአንበሳው ሚስት ድምፅ እሷው ናት።

ሁለገብነቱን ለመመዘን ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይበቃል። በሁለቱም ውስጥ ጆንስ የቆሻሻ መኪና ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው የ1974ቱ ፊልም «ክሎዲን» ነው። ሩፕ የሚባለው የሃርለም ሰው ስድስት ልጆች ይዛ በመንግሥት ድጎማ የምትኖረውን ክሎዲንን (ዳያን ካሮልን) ሰው ቤት ስትሠራ ያገኛታል። ፊልሙ ላይ ጆንስ ቀላል ነው፤ ይህን ቃል ለእሱ መጠቀም እንግዳ ቢመስልም። ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ ይራመዳል፣ በዓይኑ ይስቃል፣ ቃሉን ያጉረመርመዋል፣ ግማሹን ይውጠዋል። ያ ነጎድጓድ የሚባል ድምፅ የት እንደገባ አይታወቅም። ለራሱ ልጆች ተቆራጭ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሲይዘው ግን ሰውየው ይሰወራል፤ ስናገኘው ሰክሯል፣ የሚለውም የለውም። በካሜራ ፊት ራሱን ማሳነስ እንደቻለ የሚያስመሰክርለት ፊልም ይህ ነው፤ የሚያነሣው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ሁለተኛው የኦገስት ዊልሰን «ፌንስስ» ነው፤ «አጥሮቹ» እንበለው። በሎይድ ሪቻርድስ አዘጋጅነት በ1985 በየል ተጀምሮ በ1987 ብሮድዌይ ሲገባ ለዊልሰን ፑሊትዘርን፣ ለጆንስ ሁለተኛውን ቶኒ አመጣ። ዘመኑ 1957፣ ቦታው ፒትስበርግ ነው። ትሮይ ማክሰን በወጣትነቱ ድንቅ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ትልቁ ሊግ ጥቁሮችን ሲቀበል ዕድሜው አልፎበታል። አሁን ቆሻሻ ይጭናል፤ መኪናውን የሚነዱት ለምን ነጮች ብቻ ናቸው ብሎ ይከራከራል። ልጁ ኮሪ በስፖርት ኮሌጅ ሊገባ ሲል አባትየው ይከለክለዋል። ልጁ በመጨረሻ ይጠይቃል፦ ለምን አትወደኝም?

የትሮይ መልስ ጥያቄ ነው። ትበላ የለም ወይ፣ ጣሪያ ሥር ታድር የለም ወይ፣ ልብስ ለብሰህ የለም ወይ፣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብሎ ያፋጥጠዋል፤ ለያንዳንዱ ጥያቄም ልጁ የአክብሮት ማዕረግ ጨምሮ እንዲመልስ ያስገድደዋል። ይህን ቦታ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ችግር ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም፤ አክብሮቱን ሁሉ የምትሸከመው ያቺ አንዲት የማዕረግ ቃል ናት። እኛ ዘንድ በግሱ ውስጥ ትሟሟለች፤ ልጁ «አዎን» ሲል ቢቸግረው እንኳ አንቱታው ያድነዋል። በእንግሊዝኛው ግን ልጁ ማዕረጉን ነጥሎ ማውጣት አለበት፤ እያንዳንዷ ከጉሮሮው እንደ እሾህ ትነቀላለች። ኮሪን የተጫወተው ኮርትኒ ቫንስ ነው። በዚያው ዓመት በቶኒ ሽልማት መድረክ ላይ ቀርቦ በቴሌቪዥን የታየው ቅንጫቢ ዛሬም ይገኛል። ጆንስ መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ ታዳሚው ሲስቅ ይሰማል። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ይደርቃል። ልጅነቱ ቃል የነሣው፣ አባት ያልነበረው ሰው፣ ከልጁ አፍ ቃል በግድ የሚያወጣ አባት ሆኖ ቆሟል። ትሮይ ልጁን አይወደውም ብሎ የሚያምን ተመልካች ይኖራል። በጆንስ ትወና ግን ሰውየው ለፍቅር የሚሆን ቃል የሌለው፣ ለግዴታ ብቻ ቃል ያለው ሰው ሆኖ ይታያል። ፊልሙን በ2016 የሠራው ዴንዜል ዋሽንግተን ነው። የእሱ ትሮይ ፈጣን ነው፣ አፉ ከሐሳቡ ይቀድማል። የጆንስ ትሮይ ሐሳቡን እየጎተተ ያመጣዋል።

ሁሉም ሥራው ይህን ያህል ነው ማለት አይደለም። የማይረቡ ፊልሞችን ሳይመርጥ ተቀብሏል፤ በኋለኞቹ ዓመታት አዘጋጆች ክብደት ሲያጥራቸው እሱን ይጠሩና ሦስት ዐረፍተ ነገር አሰምተው ይሸኙታል። በ1978 በብሮድዌይ ብቻውን የሠራው የፖል ሮብሰን ሕይወት ከመከፈቱ በፊት ጀምሮ ተቃውሞ ገጥሞታል። ጄምስ ባልድዊን ያለበት የጥቁር ምሁራንና አርቲስቶች ስብስብ፣ ተውኔቱ የሮብሰንን የፖለቲካ ትግል አኮስሷል ብሎ በ«ቫራይቲ» መጽሔት መግለጫ አወጣ። ክሱ ያነጣጠረው ከተዋናዩ ይልቅ በጽሑፉ ላይ ነው፤ ቢሆንም አንድ እውነት አለው። ሮብሰንን የመሰለ በነፃ የሚዘምርና በነፃ የሚናገር ሰው ለጆንስ ዓይነት ተዋናይ የሚቸግር ገጸ ባሕርይ ነው፤ የሚታገለው ነገር ከውስጡ የለምና።

ዕድሜው ወደ ሰማንያ ሲጠጋም ከመድረክ አልወረደም። በ2010 ከቫኔሳ ሬድግሬቭ ጋር «ድራይቪንግ ሚስ ዴዚ»ን ሠራ። በ2015 ደግሞ «ዘ ጂን ጌም» በተባለው ተውኔት፣ ከሃምሳ አራት ዓመት በፊት በዠኔ ሥራ አብራው ከነበረችው ከሲስሊ ታይሰን ጋር ተገናኘ፤ እሱ 84፣ እሷ 90 ዓመታቸው። ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ በአረጋውያን መጦሪያ በረንዳ ላይ ካርታ የሚጫወቱ። ካርታው የገጠመለት ሰው እጁን ዘርግቶ የጨዋታውን ስም፣ አንዲት አጭር ቃል፣ ይጠራል። ጨዋታውን ያስተማራት ጆንስ የሚሠራው ዌለር ነው፤ ቃሏን ደጋግማ የምትጠራው ግን ታይሰን የምትሠራት ፎንሲያ ናት። እሱ ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።